ያልተከፈተው የበረንዳ በር

ፕሮፌሰር ሃልቫርድ ኔስሃይም በቀዝቃዛዋ የትሮምሶ ከተማ ዳርቻ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራው ቤታቸው በረንዳ፣ በቤት ጫማና በሹራብ ብቻ እንዳሉ በብርድ ደርቀው ተገኙ። ዕድሜ ልካቸውን የየአገሩን ሕዝብ አኗኗር ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውን ቦርጊልድን ይዘው ከካሜሩን ቦሊቪያ፣ ከዚያም ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሲዞሩ፣ ልጆቻቸውን ቱሪድንና አስላክን እዚያው በየመንደሩ አሳድገዋል።

ሬሳውን ያገኘችው ጠዋት ወላጆቿን ልትጠይቅ የመጣችው ቱሪድ ነበረች። ለመርማሪዋ ለጉድሩን ትቬይት የበረንዳው በር ክፍት እንደነበር፣ አባቷ እዚያ ከተከመረው ማገዶ ሊያመጡ ወጥተው ልባቸው ቀጥ ብሎ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻት።

ጉድሩን ግን የሟቹን እጆች አየች። የጣቶቻቸው አንጓ ተልጦ ደም ቋጥሯል። ከወፍራሙ የእንጨት በር ሥር ደግሞ በውስጥ በኩል ከባድ ነገር የተጎተተበት አዲስ ጭረት አለ፤ ተከትላው ስትሄድ ጥግ ካለው ትልቅ ሣጥን አደረሳት። በሩ ተዘግቶባቸዋል ማለት ነው፤ በረንዳው ደግሞ መውረጃ የለውም።

ጎረቤቶች ዋዜማውን አስላክ ሲጮህ ሰምተው ነበር። እሱም አልካደም። እናቱ ማስታወስ እየተሳናት ስለሆነ የአረጋውያን መጦሪያ ትግባ ብሎ ነበር የተጣላው።

«አባትህ ምን አሉህ?»

«ምን ይላል? ጉሮሮውን በካንሰር ምክንያት ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ ድምፅ የለውም። ራሱን ነቀነቀብኝ፤ ጮኼበት ወጣሁ። ልጅነታችንን በሙሉ እሱ በመረጠው አገር ኖርን፤ አሁንም እሱ ያለው ሆነ።»

ወንድሟ ሊታሰር እንደሚችል ስትሰማ ቱሪድ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ቃል ግን አልወጣትም።

ጉድሩን ቦርጊልድን ልታነጋግር የመኝታ ቤቱን በር አንኳኳች። መልስ የለም። ደግማ አንኳኳችና ከፈተችው። አሮጊቷ አልጋው ጀርባ ተሸሽገው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ይንቀጠቀጡ ነበር። በማታውቀው ቋንቋ አንሾካሾኩላት። ፊቷን አተኩረው ሲያዩ ግን ፈገግ ብለው እንግዳ መሆኗን ጠየቋት።

በማግሥቱ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አስላክ አይደለም» አለች። «ሊገድላቸው የፈለገ ሰው መቀርቀሪያው ይበቃዋል፤ ሣጥን ጎትቶ አያስደግፍም። ሣጥን የሚያስደግፈው የፈራ ሰው ነው፤ እንዳይገባበት የፈራ። ልጁ ከሄደ በኋላ ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት መጥቶ መቀርቀሪያውን የከፈተው፣ ሣጥኑንም ወደ ቦታው የመለሰው ያንን ሰው ሊሸሽግ ነው። ቱሪድ፣ እናትሽ በር ሲንኳኳ ለምንድን ነው የሚሸሸጉት?»

ቱሪድ እናቷን አየች።

«ካሜሩን ሳለን ሽፍቶች በር እያንኳኩ ይዘርፉ ነበር» አለች። «አባዬ ወደ ሥራው ሲሄድ እማዬን የሚላት አንድ ነገር ነበር፤ ስወጣ በሩን ቀርቅሪው፣ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ፣ እኔ ስመጣ ስምሽን እጠራለሁ።»

አስላክ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። አባታቸው የሚጠሩበት ድምፅ እንዳልነበራቸው ማንም መናገር አላስፈለገውም።

«ሊያስሩኝ ሲሉ እንኳ ዝም አልሽ?» አላት እህቱን።

«ልናገር ነበር። እሷን ቁጭ አድርገው ሲጠይቋት ማየት አቃተኝ።»

ጉድሩን የሚከሰስ ሰው እንደሌለ፣ መዝገቡም እንደሚዘጋ ነገረቻቸው። ይህን ሁሉ ሲሰሙ የቆዩት ቦርጊልድ ግን ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው እጇን ያዙ፤ እንደ ጎረቤት ነበር የሚያዩዋት።

«ብዙ አንኳኳ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አልከፈትኩለትም። ልጆቼን ማንም አልነካቸውም።»

ቱሪድ ወንድሟን አየችው፤ እሱም አያት።

«አዎ፣ እማዬ» አለች። «ማንም አልነካንም።»