ሜትሩን የያዘው እጅ

የሰውን ቤት ሁሉ ለካሳ ሲለካ አሳንሶ የገመተው ምስጋናው፣ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ያገኙት ከቅዳሴ መልስ የድሮ ቤታቸውን ለማየት ጎራ ያሉት እማሆይ ወለተ ገብርኤል ናቸው። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ቆርቆሮው ወርዶ፣ በግንቡ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶበታል። ገማቹ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል፤ የጎኑ ግድግዳ ደግሞ ላዩ ላይ ተንዷል።

ሰቆጣ ብዙም አላዘነችም። «የድሃ እንባ መሬት አይወድቅም» ያለው ሰው፣ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። ግንበኛው ካሤ ግን ከዚያው ለቅሶ ቤት ሲወጣ ተያዘ። በጥርብ ድንጋይ የሠራውን ቤት ምስጋናው «ጭቃ ቤት» ብሎ ስለገመተበት፣ በቢሮው በር ላይ «አንድ ቀን በድንጋይ እመልስልሃለሁ!» ሲል አገር ሰምቶታል። ፖሊሶቹ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለጉም። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣችው ኢንስፔክተር ብርሃነሽ ግን ፈለገች፤ ንጹሕ ሰው ዕድሜውን በወህኒ እንዳይጨርስ ፈራች።

«ገደልከው?» አለችው ካሤን።

«ብገድለው ደስ ባለኝ። ቀደሙኝ።»

«ለቅሶው ላይ ንፍሮ ስትበላ አይቼሃለሁ።»

«እፍኝ ሙሉ! እሱ ቤቴን በልቶብኛል፤ እኔ ንፍሮውን ብበላበት ምን አለበት?»

ብርሃነሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወጣች፤ ከእማሆይም ጋር ወደ ፍርስራሹ ተመለሰች። የምስጋናው የጨርቅ ሜትር እንደተዘረጋ ነው። መጠቅለያው ሟቹ ከወደቀበት ከድንጋዩ ክምር ሥር ተቀብሯል፤ ጫፉ ማዶ ጥግ ደርሷል።

«እማሆይ፣ ሲለካ ጫፉን ማን ይይዝለት ነበር?»

«ባለቤትማ አያስነካም፣ ልጄ። ‹ወደ ራሳችሁ ትጎትታላችሁ› ይለን ነበር። ከቢሮ ሰው ካልተከተለው ሜትሩን አይፈታም።»

ምስጋናው ይሠራበት ወደነበረው የካሳ ቢሮ ሄደች። ኃላፊው አቶ የኋላሸት ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«በሟቹ ላይ የቀረበው አቤቱታ ከምን ደረሰ?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«ምን ይጠብቃል?»

«ኮሚቴው ሲሟላ ይታያል።»

«ኮሚቴውስ መቼ ይሟላል?»

«እሱም በሂደት ላይ ነው።»

አጠገቡ ያለው ቅሬታ የሚቀበል ሸጋው የሚባል ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ቃሉ የለሰለሰ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ።

«ጥቁሩ ለማን ነው?» አለችው።

«ለእናቴ። ለደብሬ።»

«ነፍስ ይማር። የዚያን ዕለት ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ቢሮ።»

ጠዋት ጠዋት ያ ቢሮ ሰው እንደማይገኝበት ባለጉዳይ ሁሉ ያውቃል።

በሠልስቱ ሁሉንም ወደ ፍርስራሹ ጠራቻቸው። ካሤ እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። የኋላሸት አቧራውን እየተጠየፈ፣ ሸጋው አንገቱን ደፍቶ ገቡ።

«ግድግዳው ነው የገደለው ያላችሁ ነበራችሁ» ብላ ጀመረች። «ሐኪሙ እንዳረጋገጠው፣ ማጅራቱ ላይ ያለው ምት ግን ግድግዳው ከመናዱ በፊት የነበረ ነው። ገዳዩ ግንቡን የገፋው አደጋ ለማስመሰል ነው። ሲገፋው ደግሞ የሜትሩን መጠቅለያ አብሮ ቀበረውና ሰብስቦ መሄድ አቃተው። ይህን ቤት በጨርቅ ሜትር አንድ ሰው ብቻውን አይለካውም። ጫፉን የያዘ ሌላ እጅ ነበር። ባለቤት ደግሞ አይነካም፤ ካሤንማ በአጠገቡም አያስደርሰው። ስለዚህ ያ እጅ ከቢሮ የመጣ ነው።»

የኋላሸት ተቆጣ። «እኔን ነው?»

«አንተማ ከወንበርህ ተነሥተህ መስክ ወጥተህ እንደማታውቅ ከተማው ሁሉ ይመሰክርልሃል። ለቅሶው ላይም ንፍሮውን ደግመህ ስትበላ አይቻለሁ።» ወደ ሸጋው ዞረች። «አንተ ሬሳውን ተሸከምክ፤ ድንኳን ተከልክ፤ ከማንም በላይ ሮጥክ። ሰፌዱ ፊትህ ሲደርስ ግን ሳትነካ አሳለፍከው። ለምን?»

«ጾም ነበር።»

«ንፍሮ የጾም ነው። ሰዓቱም አልፎ ነበር፤ ካህናቱ ሳይቀሩ በልተዋል።»

ቀስ ብለው የተናገሩት እማሆይ ናቸው። «ደም ያለበት ሰው ከሟች ወገን እህል አይቀምስም። እርቅ ሳይወርድ ከበላ በዘሩ ይደርሳል።»

ሸጋው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ለመግደል ሁለት እጅ ነበረኝ፤ ያን ንፍሮ የሚያነሣ ግን አጣሁ» አለ። «የእናቴንም ቤት የገመተው እሱ ነው። አቤቱታዋን የተቀበልኩት እኔው ልጇ። ማታ ማታ ‹ምን አሉ?› ትለኛለች፤ ‹ነገ› እላታለሁ፤ ለሌላው ሰው እንደምለው። ቤቷ ፈርሶ በሰው ጓዳ ‹ነገ› እያለች ሞተች። ሲቀብሯት ልበቀልላት ማልኩ። ‹እማሆይ አቤት ስላሉ ቤታቸውን ለወጉ ደግመን እንለካው› ብዬ አመጣሁት። ‹እነዚህ አሮጊቶች ሲሞቱ አቤቱታውም ይሞታል› ብሎኝ ሳቀ። ከዚያ ጫፉን ጥጉ ላይ አስቀመጥኩና በጀርባው መጣሁ። አልጸጸትም።»

ብርሃነሽ ካቴናውን ከካሤ እጅ ፈትታ በሸጋው እጅ ላይ አሰረችው። ልቧ ከማን ጋር እንደሆነ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ እጇ ግን አልዘገየም።

እማሆይ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «የኔን ቤት እንግዲህ ማን ደግሞ ይለካልኛል?»

የኋላሸት እንደ ልማዱ፣ ሳያስበው፣ «ሳምንት ይመለሱ፤ ኮሚቴው ሲሟላ…» አለ።

ሸጋው በካቴናው ውስጥ ሆኖ ከት ብሎ ሳቀ። «ሰሙት ኢንስፔክተር? ለካ ሰው ተሳስቼ ነው የገደልኩት!»

የኋላሸት ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ በሩ ተጣደፈ። ካሤ ግን ታስሮ የነበረውን እጁን እያሻሸ በሩ መሐል ቆሟል፤ አላሳለፈውም።

«ይታገሡ አቶ የኋላሸት» አለው። «በሂደት ላይ ነው።»