ግማሽ ውሃ

የጋሽ ይገረም ወይን ደረቀ፤ ጥፋቱም በማሂራ ላይ ተላከከ።

ያላከከው የገዛ አባቷ ነው። ያውም ሱቁ በሰው ተሞልቶ፣ እሷ ከባንኮኒው ጀርባ የቧንቧ መገጣጠሚያ እየለየች ሳለ። «ስሌቱን የሠራችው ልጄ ናት። ልጅነት ነው፣ ይቅር ይበሉን» አላቸው። ታላቅ ወንድሟ ሱፍያን የውሃ ጎማ ጥቅል ላይ እንደተቀመጠ «ፕሮፌሰሯ ፎረሸች» ብሎ ሳቀ። ደንበኞቹም ተከተሉት።

ጋሽ ይገረም አልሳቁም። ከዝዋይ ድረስ መጥተው ሊቆጡ ሲገባቸው አልተቆጡም፤ ማሂራን ያንገበገባትም ይኼው ነው። «ግድ የለም፣ ልጅ አይደለች?» አሉ። «ጥፋቱስ የኔ ነው፣ ወይን በቁጥር አጠጣለሁ ያልኩት። ከእንግዲህ እንደ ድሮዬ በቦይ እለቅበታለሁ።»

ማሂራ እስከ ጆሮዋ ጋላት። ዘጠነኛ ክፍል ብትሆንም ይህን ሥራ በቀልድ አልያዘችውም። ጠብታ መስኖ ለሚገዛ ሁሉ የምታሰላው እሷ ናት፤ የጋሽ ይገረምን ደግሞ በቃሏ ታውቀዋለች። በሳቸው አካባቢ ፀሐይና ነፋስ በበጋ ቀን ከመሬቱ አምስት ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይመጥጣሉ። ወይን የዚያን ሰባ በመቶ ይፈልጋል፤ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል። አንድ ሚሊሜትር ውሃ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ነው፤ እያንዳንዱ የወይን ግንድ ደግሞ ሦስት ካሬ ይዟል። አሥር ሊትር ተኩል መጣ። ለሚባክነው ጨመር አድርጋ አሥራ ሁለት አለችው። በየግንዱ ሥር ጎማው ላይ የሚሰካው ድሪፐር በሰዓት አራት ሊትር ካንጠባጠበ፣ በቀን ሦስት ሰዓት መክፈት ይበቃል። ደጋግማ ሠርታዋለች። ታዲያ የት ላይ ተሳሳተች?

ጋሽ ይገረም ከፌስታላቸው ድሪፐር የተሰካበት ቁራጭ ጎማ አወጡ። ምናልባት ተደፍኖ እንደሆነ ይታይልኝ ብለው ከማሳቸው የቆረጡት ነው። ማሂራ ተቀበለቻቸውና ድሪፐሩን ገለበጠችው። ከሥሩ የታተመው ቁጥር አራት አልነበረም። ሁለት ነበር።

ቀና ስትል አባቷ ያያታል። «ነይማ» አለና ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው መጋዘን ገባ። ቁራጩን ጎማ እንደያዘች ተከተለችው።

እዚህ ሰፈር ነጋዴ «የለም» አይልም። ዕቃው ባይኖረው እንኳ «አለ፣ አረፍ ይበሉ» ይልና ጎረቤት ሱቅ ልኮ ያስመጣል። ጋሽ ይገረም የገዙ ቀን ባለ አራቱ ድሪፐር አልቆ ነበር። ከጎረቤት የተገኘው ባለ ሁለቱ ነው፤ ያው ጥቁር፣ ቅርጹም ያው። አባቷ ይህን ሲነግራት ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ ሊዋሻት አልሞከረም።

«አንድ መስሎኝ ነው» አለ።

«አንድ አይደለም፣ ግማሽ ነው። ወይኑ ስድስት ሊትር እየጠጣ ነው የከረመው።»

«ገብቶኛል። ስድስት ሰዓት ክፈቱት እላቸዋለሁ፣ ያገግማል። አለቀ።»

«የኔ ስህተት ነው ተብሎ?»

አባቷ ካርቶን ስቦ ተቀመጠ። «ስሚኝ ማሂሬ። አንቺ ብትሳሳቺ ሳቅ ነው፣ ነገ ይረሳል። እኔ ስሳሳት ግን ወሬው ሲኒማ ራስ ይደርሳል። ነስረዲን ገበሬውን የማይሆን ዕቃ አስታቀፈው ይባላል።»

«አስታቅፈሃቸዋላ።»

ዕለቱ ጁምዓ ነው፤ ውጭ ሰዉ መንገዱ ላይ መስገጃውን ማንጠፍ ጀምሯል። ጋሽ ይገረም መንገድ ሳይዘጋብኝ ልውጣ እያሉ ሱፍያንን ሲሰናበቱ ገርበብ ባለው በር በኩል ይሰማል።

ማሂራ የአባቷ ስም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታውቃለች። እንጀራቸው ከዚያ ስም ነው የሚገኘው። ግን የሷም ስም ስም ነው። ጋሽ ይገረም ደግሞ ጎማውን የገዙት የጉድጓዳቸው ውሃ ለቦይ ስለማይበቃ ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የነገሯት።

«ስድስት ሰዓት ብትላቸው አይሰሙህም» አለች። «አሁንም የልጅ ቁጥር ነው ብለው በቦይ ይለቁታል። ጉድጓዱ ይደርቅና የተረፈውም ወይን ያልቃል። ለምን እንደደረቀ ማወቅ አለባቸው።»

«አታካብጂው።»

«እሺ፣ አብረን እንውጣና አንተው ንገራቸው።»

«ሰው ፊት?»

«እኔን ሰው ፊት አይደል ያዋረድከኝ?»

እንዲህ ተናግራው አታውቅም። እሱም እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ከካርቶኑ የሚነሳ መስሏት ጠበቀች። አልተነሳም።

«እኔ አባትሽ ነኝ» አለ።

«ነህ» አለች።

ውጭ ጋሽ ይገረም ደህና ሁኑ እያሉ ነው። ማሂራ ወደ በሩ ዞረች።

«ማሂራ፣» አለ አባቷ፣ ድምፁ ወደ ልመና ዘንበል ብሎ፣ «በሩን ዝጊውና ቁጭ በይ፣ እንነጋገር።»

ቁራጩን ጎማ ጨበጥ አድርጋ ወጣች። በሩንም እንደታዘዘችው ዘጋችው፤ በውጭ በኩል።