የተነቀለው የመንገድ ምልክት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ዋሽቼ ከሆነ ስድስተኛ ክፍልን ለአራተኛ ጊዜ ልድገም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ የቀወት ፀሐይ ገና ዶሮዎችን የተቀቀለ እንቁላል ማስጣል ሳትጀምር፣ አስጎብኚው ወርቁ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የሞተውም ሰኞ ቀን ነው ተባለ። ከገደሉ በታች ያለው ማሳ የጋሼ አብዱልመጂድ ነው። ሽማግሌው ተጓዦች ማሽላዬን ረገጡብኝ ብለው፣ «ዳግም ብታመጣቸው በወንጭፍ ነው የምልህ!» ሲሉት አገር ሰምቷል። ወንጭፋቸውም ቤታቸው ተገኘ። ፖሊስ ሌላ ምን ይፈልጋል? አሰራቸው።

ረቡዕ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ብዙነሽ ስትመጣ የሽማግሌው ሚስት እትዬ ሩቂያ ጣቢያው በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ዐርብ ወደ ማረሚያ ቤት ይወስዷቸዋል አሉኝ። ስኳር አለባቸው፤ እዚያ አይከርሙም።»

«ሰኞ የት ዋሉ?»

«ወላሂ ቤት! እሁድ በደቦ ማሽላውን አጨድን፣ የወፍ መጠበቂያ ማማውንም አፈረስን። ሰኞ ወገቤን ብለው ተኝተው ዋሉ።»

«ማን አያቸው?»

«እኔና አላህ።»

ብዙነሽ ወደ ተራራው ወጣች። መንታ መንገዱ ላይ ወርቁ የተከለው፣ «ወደ ምንጩ» የሚል የእንጨት ምልክት ቆሟል። ነቀነቀችው፤ ላላ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ የምልክቱ እግር ላይ የተጣበቀው ግን ቀይ። ቀይ አፈር ያለው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። እዚያም በድንጋይ የተደፈነ አዲስ ጉድጓድ አገኘች።

ስትወርድ መንገዱ መነሻ ላይ ሻይ ቤት ያላት ሐረገወይን ዘንድ ገባች።

«ከወርቁ ጋር ተጣልተሽ ነበር አሉ?»

«ምልክቱን ደጄ ላይ ትከልልኝ ብለው እንቢ አለኝ። የተጣላኝ ሁሉ ገደል ቢገባማ እዚህ ጀውሃ ሰው አይተርፍም ነበር!»

«ምልክቱ ምን ያደርግልሻል?»

«ለጨዋታው ነዋ! ስልክ ይዘው እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ካርታው ላይ የተመዘገበ ቦታ ሲደርሱ ሽልማት ያገኛሉ። ተጫዋች ከመጣ ሻይ ይጠጣል። ዛፍና ገደል ግን አይመዘገብም፤ ሰው የሠራው ይሁን ይላሉ። የመንገድ ምልክት ይቀበላሉ። የራሱንና የአካባቢውን ፎቶ ትልኪያለሽ፣ ሌሎች ተጫዋቾች ድምፅ ይሰጣሉ። ስልክ ጠጋኙ ሙሉቀን ገደሉን ሦስቴ ልኮ ጣሉበት። ሰኞ ደግሞ ይኸን ፎቶ ላከና ድምፅ ስጪኝ አለኝ።»

ብዙነሽ ፎቶውን አይታ አይታ ስልኩን መለሰችላት።

ሙሉቀንን ሸዋ ሮቢት ሱቁ ውስጥ አገኘችው። «ፎቶው የጥቅምት ነው» አላት። «ሰኞ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ይልቅ ሽማግሌው ዝተውበት የለ?»

ሐሙስ ሁሉንም ሻይ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። ጋሼ አብዱልመጂድ በካቴና መጡ።

«ምልክቱ በፎቶው ላይ ገደሉ አፋፍ ቆሟል» አለች። «ቀዩ አፈርም ይመሰክራል። ገደሉ በምልክቱ ስም እንዲመዘገብለት ነቅሎ የወሰደው ፎቶ ያነሳው ነው። መቼ? ጋሼ፣ በጥቅምት ማሳዎ ላይ ምን ነበር?»

«ማሽላ ነዋ! እኔም ማማው ላይ፣ ግሪሳ ሳባርር።»

«በፎቶው ከታች የሚታየው የታጨደ ማሳ ነው፤ ማማም የለ። እሁድ እስኪመሽ ሃያ ሰው እዚያ ነበር፤ በፎቶው አንድም ሰው የለም። ፎቶው የተላከው ሰኞ ነው። ስለዚህ ሰኞ አፋፉ ላይ ነበርክ፣ ሙሉቀን። ከተሜ ነህና ማሽላው መታጨዱን ልብ አላልክም። ወርቁ ሲሞት አጠገቡ ነበርክ።»

ሙሉቀን ከመቀመጫው ተነሳ።

«አልገፋሁትም! ወርቁ ምልክቱ እዚህ ከቆመ ሰው ይገድላል ብሎ ሊነቅለው መጣ። እሱ ወደ ገደሉ በኩል ቆሞ ሲጎትት፣ እኔ ወደዚህ ስጎትት... ለቀቅኩት።»

«ከዚያም መልሰህ መንታው ላይ ተከልከው። ሽማግሌው ሲታሰሩስ?»

ሙሉቀን ተመልሶ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ ድምፄን ሰጥቼዋለሁ» አለች ሐረገወይን ለራሷ።

ካቴናው ተፈታ። ጋሼ አብዱልመጂድ እጃቸውን ሙሉቀን ትከሻ ላይ አኑረው «አላህ ይቅር ይበልህ» አሉት።

እሺ፣ ይህችን አንዷን እኔ ፈጠርኳት። ሽማግሌው ካቴናው የላጠውን እጃቸውን እያሹ፣ ማንንም ሳያዩ ሩቂያን አስከትለው ወጡ።