ከበር ውጭ የቀረው መከታ

አስር አለቃ ድረስ ከአልጋው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ የአልጋውን ብረት ማዕዘን መትቷል። እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማዎቹ ከበሩ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፀጉሩና የሸሚዙ አንገትጌ ርሰዋል።

ኢንስፔክተር ሳጂዳ ሚንሃጅ ከደብረ ማርቆስ ተጠርታ ወደ ጉዳተኛ ወታደሮች ማዕከል ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አስከሬኑን አልነበረም። በአጥሩ ላይ በሰንሰለት የታሰረ ቡናማ ውሻ ሊያሸታት ተጠጋ። ቀሚሷን ሰብስባ ዘወር አለች።

«ገዳዩ እሱ ነው» አሉ የማዕከሉ ኃላፊ አቶ አንተነህ። «መከታ ይሉታል። ስም ብቻ! እግሩ ሥር ገብቶ ጣለው። አሳስሬዋለሁ፤ የሚያስወግደው ሰው ከቀትር በፊት ይመጣል።»

«ውሻ መኝታ ቤት ይገባል እንዴ?»

አቶ አንተነህ በሕንፃው መግቢያ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። «እንስሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል።

«አዲሱ መመሪያ የሠለጠነ ረዳት እንስሳ ከባለቤቱ እንዳይለይ ያዛል፤ መኝታ ቤትም ቢሆን። እኔ ግን ሌሎቹ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ማስታወቂያውን ተውሁት። አሁንማ ለበላይ አካል አሳውቃለሁ። ውሻ የማስገባቱ ፈቃድ ይሰረዛል» አሉ።

ድረስ ከጦርነቱ በጭንቅላቱ ፍንጣሪ ይዞ የተመለሰ ሰው ነበር። ሕመሙ ድንገት ይጥለዋል። የሕመሙን መምጣት መከታ አስቀድሞ ያውቃል፤ ጉልበቱን በግንባሩ እየገፋ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። የሠለጠነው ለዚሁ ነው።

ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ዘመናይ የጋውኗን ቁልፍ እያፍተለተለች መለሰች።

«ማለዳ ላይ ውሻው ሲጮህ ሰማሁ።»

«ከየት?»

«ከውጭ መሰለኝ።»

«ሄደሽ አላየሽም?»

«ቢጮህ እንዳትከፍቺለት በኃላፊው ተብያለሁ።» ቁልፉን ለቀቀች። «ጩኸቱን ለምጄው ነው ብልሽ እዋሻለሁ። እንደዚያ ጮኾ አያውቅም።»

ከድረስ ጋር ክፍሉን የሚጋሩት ሻምበል ታረቀኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው የለም። የክራንቻቸው ጎማ ግማሹ ተበልቷል።

«ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ተኝቶ ነበር፤ ውሻውም እግሩ ሥር። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

«ይቀራረቡ ነበር፣ ሻምበል?»

«ኧረ ምኑን ትጠይቂኛለሽ ልጄ! በጀርባው ተሸክሞ ከእሳት ያወጣኝ እሱ ነው።»

ሳጂዳ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ፎጣው ከምስማሩ ላይ ደርቆ ተንጠልጥሏል። የመታጠቢያውን ቧንቧ ብትከፍተው አየር ብቻ ተፋ።

«ከትናንት ጀምሮ ውኃ የለም» አለች ነርሷ። «ለመጠጥ እንኳ ቦቴ እየጠበቅን ነው።»

የበሩ የውስጥ ገጽ ንጹሕ ነው። በውጭ በኩል ግን ታችኛው ክፍል ተቧጭሮ፣ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ደፉ ላይ ወድቋል። ግቢው የጥር አቧራ ለብሷል። እሾህ የታጠረለት የዝግባ ችግኝ ሥር ብቻ አፈሩ ርጥብ ነው። ጎንበስ ብላ ከእሾህ አጥሩ አጠገብ ያለውን ምልክት አየችና ሁሉንም ወደ መመገቢያ አዳራሹ አስጠራች።

«መከታ አልጣለውም» አለች። «ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በሩን የቧጨረው ከውጭ ነው፤ ጥፍሩ እስካሁን ይደማል። ጌታው ሊወድቅ መሆኑን አውቆ ክፈቱልኝ ሲል ነበር። ማን አስወጣው?»

«እኔ ከቤቴ ነበርሁ!» አሉ አቶ አንተነህ።

«አውቃለሁ። ቧንቧው ደርቆ ሟቹ ርሷል። ፎጣውን አልነካውም። ጫማውን አውልቆ፣ ውኃ ፈስሶበት፣ ሰውነቱን ሳያብስ የሚቆም ሰው ምን እያደረገ ነው?»

ሲስተር ዘመናይ አፏን በእጇ ያዘች። «ጠበል!»

«እኔ ሙስሊም ነኝ። የጠበሉን ሥርዓት ከጎረቤት ነው ያወቅሁት፤ የውሻውን ግን ከቤቴ አውቀዋለሁ። እናቴ ውሻ የላሰውን ዕቃ ደጋግማ ታጥባለች። እኔም ዛሬ ሲጠጋኝ ቀሚሴን ሰበሰብሁ። ስለዚህ ያስወጣው ሰው ክፋት አላሰበም። የተረፈውን ጠበል እንኳ እግር እንዳይረግጠው ብሎ ከታጠረው ችግኝ ሥር አፍስሶታል። ከእሾህ አጥሩ አጠገብ አቧራው ላይ የክራንች ምልክት አለ፤ ግማሹ የተበላ ጎማ።»

ሻምበል ታረቀኝ ክራንቻቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ነኝ። ጠበሉን ከደብረ ኤልያስ ማዶ አስመጣሁለት። ድረስ እሺ አለኝ፤ ‹መከታ ግን አብሮኝ ይሁን› አለ። ‹ውሻ ባለበት ጠበል አይሠራም፤ እስኪደርቅልህ ብቻ ነው› አልሁት። አፈሰስሁለት፤ በሩን ዘግቼ ለኪዳን ሄድሁ። እንዲድን ልለምንለት።»

«ስመለስ አገኘሁት ያሉት እውነት ነው። ጠበሉን ለምን ደበቁ?»

«ጠበሉ እንዳይታማ ብዬ ነው። በኋላ አቶ አንተነህ ውሻው ገደለው አሉ።» ድምፃቸው ወረደ። «ዝም አልሁ። ዝም ማለቱ ቀለለኝ። ድረስን ስንት ጊዜ ያተረፈውን ውሻ፣ እኔ በዝምታዬ ላስገድለው ነበር።»

ሲስተር ዘመናይ ታለቅስ ጀመር። አቶ አንተነህ የኮሌታቸውን ቁልፍ ፈቱ።

ሳጂዳ ወጣች። ውሻውን ሊያስወግድ የመጣው ሰው ከግቢው በር ቆሟል። «ተመለስ» አለችው። ሰንሰለቱን ራሷ ፈታች፤ የመከታ ርጥብ አፍንጫ መዳፏን ሲነካ እጇን አልሰበሰበችም።

መከታ በማስታወቂያው ሥር አልፎ አዳራሹ ገባ። ኃላፊውን አለፈ፣ ነርሷን አለፈ። የሻምበሉ አንድ እግር ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊታቸው ቆመና ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ አሳርፎ ገፋ።

«ተው» አሉ ሻምበል ታረቀኝ። «ተው መከታ። እኔን አይደለም።»

መከታ ግን መሬት ላይ እስኪቀመጡ ድረስ መግፋቱን አልተወም።