ፍርሃትሽ ከአስር ስንት ነው?

ሰውየው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። ፀደይ ደብተሯ ላይ «8» ጻፈችና ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ፍርሃትዎ ከአስር ስንት ይሆናል?»

«ስምንት… ኧረ ስምንት ተኩል!» አሏት እየሳቁ።

ሰባተኛው ሰው መሆናቸው ነው። የሂሳብ መምህሯ «አስር ሰው ላይ አንድ ነገር ገምቱ፤ ከዚያ ጠይቁና ልዩነቱን አስሉ» ብለዋል። የክፍሏ ልጆች ዕድሜና ቁመት ሲገምቱ፣ እሷ ላሊበላ ዳርቻ ወዳለው የባጃጅ መንጃ ፈቃድ መፈተኛ ሜዳ መጥታ ፍርሃት ትገምታለች። እስካሁን ከአንድ በላይ አልሳተችም። ትንሽ ጎረር ብላለች፤ ይገባታልም።

ስምንተኛዋ የገዛ አክስቷ ይማርሽ ናት። ተራ ጠባቂዎቹን በሳቅ ታፈርሳለች። ፀደይ ሳታመነታ «2» ጻፈች።

«አክስቴ፣ ያንችስ?»

ይማርሽ ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት። «ዘጠኝ» አለች በሹክሹክታ።

«ሙድ አትያዥብኝ! ስትስቂ አልነበር እንዴ?»

«ካልሳቅሁ ማልቀሴ ነው። ባለፈው ፈተና የወደቅሁት ለምን ይመስልሻል?»

ለሰው ሁሉ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ነበር ያለችው። እውነቱ ሌላ ነው። የፈተናው መንገድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይታጠፋል። እዚያ ስትደርስ ቀኝ እጇ መሪውን ለቆ አማተበ፤ ባጃጁም መታጠፊያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አስቤበት እኮ አይደለም፤ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው። ሳልሳለም ማለፍ ደግሞ አልችልም። ዛሬም ከወደቅሁ ሊቀጥረኝ ያሰበው የባጃጅ ባለቤት ባጃጁን ለሌላ ሹፌር ይሰጥብኛል።»

ፀደይ ከ«2» አጠገብ «9» ጻፈች። የሰባት ስህተት! አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ አክስቷ አሳዘነቻት።

«ይማርሽ! ቀጥሎ አንቺ ነሽ» ሲል ፈታኙ ተጣራ።

ከእሷ ኋላ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጥፍሩን ይበላል፤ ቀላል ነው፣ ሰባት። ፀደይ እነሱን ብትጠይቅ አስሩ ይሞላ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሄዳ እስክትመለስ ግን የሁለቱም ተራ ያልፋል፤ ከፈተና በኋላ የሚጠየቅ ፍርሃት ደግሞ አይቆጠርም።

«አንች መሪሽን ያዥ» አለች ፀደይ ደብተሯን እየዘጋች። «እኔ እሳለምልሻለሁ።»

በአቋራጩ ሮጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ባጃጁ ከታች ብቅ አለ፤ ይማርሽም አየቻት። ፀደይ ጎንበስ ብላ ሁለቴ አማተበች፤ አንዱን ለራሷ፣ ሁለተኛውን ቀስ ብላ ለአክስቷ።

ባጃጁ ሳይንገራገጭ ታጥፎ አለፈ።