የመሰላሉ ድምፅ

ታናሹ ልጅ አንድ አዲስ አዳራሽ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ፣ የፋይበር ግላሱ መሰላል አጠገቡ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። መብራት ሊሰቅል ወጥቶ ነበር። የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ባለቤት የሆኑት አባቱ ደረቱ ላይ ተደፍተው «ተነሣ እንጂ፣ አንተ ልጅ!» እያሉ ለመኑት።

ከቀብሩ በኋላ የፖሊስ መርማሪ ወርክሾፑ መጣች። ከስብራቱ በቀር መሰላሉ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

«ፒካፕ ላይ የተጫነልኝን አደረስኩ፤ ሌላ ምን አውቄ!» አለ ሾፌሩ።

የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ደግሞ፦ «ከአደጋው በፊት በነበረው ማታ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ አይቼዋለሁ። የጫነውን አላውቅም፤ መኪና እንደሆነ እኔ አልነዳ!»

ታላቁ ልጅ ቀና ብሎ አላያትም። «ጠዋት እኔው አንኳኩቼ ፈተሽኩት፤ እንደ ደወል ጮኸ። እኔው ጫንኩት።»

አባትየው በሆዳቸው ተመስገን አሉ። ይኼኛው እንኳ ንጹሕ ነው።

«ደጅ ያለችው ትንሿ መኪና የማን ናት?» አለች መርማሪዋ።

«የኔ» አለ ታላቁ ልጅ። «ቁልፏን ለማንም አልሰጥም።»

መርማሪዋ ሳንቲም አውጥታ መሰላሉን ከጫፉ ጀምራ አንኳኳች። ጥርት ብሎ ጮኸ። ከስብራቱ ራቅ ብሎ፣ ምንም ያልሆነ የሚመስለው ቦታ ላይ ግን ድምፁ ታፈነ። «አባቴ፣ መዳፍዎን እዚህ ያሳርፉልኝ» አለች። ሌላው ጋ የሚነዝረው መሰላል እዚያ ሲደርስ ዝም አለባቸው። ሜትር ይዛ ወደ ግቢው ወጣች፤ ተመልሳ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ላዩ ደህና ነው፤ ውስጡ ንብርብሩ ተላቅቋል። በተጋደመበት መኪና ሄዶበታል። አንዱ ጎማ የረገጠው ሟቹ ሲወጣበት ተሰበረ፤ ሌላው የረገጠው ታፍኖ ቀረ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለፒካፑ ይጠባል፤ ለትንሿ መኪና ልክክ ይላል። » ወደ ታላቁ ልጅ ዞረች። «ቁልፏ ካንተ እጅ አይወጣም። ጠዋት አንኳኩተህ ከሆነ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ መሰላል እንደ ደወል አይጮህም።»

«ተዪው!» ጮኹ አባትየው። «በወለደችሽ ይዤሻለሁ፣ ጥፋቱን በኔ አድርጊው! አንዱን አፈር አለበስኩት፤ ይኼን ተዪልኝ!»

«ይተዉ፣ አባዬ» አለ ልጁ። «ሳላየው ነው የሄድኩበት። ጠዋት ሳንኳኳው ግን ታፍኖ ሰማሁት። ለወንድሜ ልነግረው አፌን ስከፍት ‹አንተ ፈሪ ደግሞ ምን ልትል ነው?› ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ጫንኩለት።»

አባትየው ለጥፊ እጃቸውን አነሡ፤ አልሆነላቸውም። እጃቸውን አውርደው ግድግዳውን ተደገፉ። ሊደግፋቸው የተጠጋውን ልጅ አልገፉትም፤ ትከሻው ላይ ተንጠልጥለው እስከ ፖሊስ መኪናው አብረውት ሄዱ። ሲመለሱ ግን የሚደግፋቸው አልነበረም።