ዝምታ የምትለዋ ቁልፍ

ሐመልማል ዝምታን ከሩቅ አውቀዋለሁ ባይ ነበረች። «እኔ እኮ» ትላለች፣ የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ እንደ ሐብል ጥላ፣ «አንድ ክፍል ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ገና የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ስሰማ ነው የምለየው። እናንተ እስከ መጨረሻ ተጎልታችሁ አዳምጡ! ጆሮ ያልሰጣችሁ ፈጣሪ ነው፣ እኔ ምን ላድርጋችሁ?» ማን ይከራከራታል? ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ስክሪን የሚያዳምጡትን ሠራተኛ ልጆች ስም በፍጥነታቸው ሲደረድር የሷ ስም ሁሌ አናት ላይ ነው፤ ቢሮው ውስጥ ደግሞ ከዚያ ስክሪን በላይ የሚታመን ነገር የለም።

ቢሮው ገርጂ ውስጥ፣ ከላይ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ሕንፃ ላይ ነው። ድርጅቱ ሱቅም ይሁን መጋዘን ወይ ፋርማሲ፣ ባለቤቱ ሌባ በፈራበት ሁሉ የሳሙና መያዣ የምታክል ጥቁር ሳጥን ይሰቅላል። ሳጥኗ አንድ ነገር ኮሽ ሲል ትነቃና፣ ከኮሽታው በፊት የነበረውን ጸጥታም ጭምር ቀድታ ወደ ልጆቹ ጆሮ ትልካለች። እነሱ ከሦስት ቁልፎች አንዷን ይጫናሉ፤ «ሰው»፣ «ዕቃ» ወይም «ዝምታ»። «ሰው» ከተባለ ጥበቃ በሞተር ሳይክል ይበራል። «ዝምታ» ከተባለ ማንም አይሄድም፣ ቅጂውም እዚያው ይጠፋል። እስከ መጨረሻ አዳምጡ ይላል ሕጉ። ግን ሁሉም ቅጂ የሚጀምረው በጸጥታ ነው፣ ድምፅ ካለም ያለው ጫፉ ላይ ነው፣ እስከ ጫፉ የጠበቀች ልጅ ደግሞ ስሟ ስክሪኑ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሐመልማል አትጠብቅም። ጸጥታ ስትሰማ ጠቅ፣ ቀጣዩ፣ ጠቅ፣ ቀጣዩ፤ ጣቷ ለውዝ እንደሚፈለፍል ሰው ነው የሚሄደው።

አራተኛ ቁልፍም አለች፣ «ተናገር» የምትል፤ ስትጫኛት ድምፅሽ በዚያች ሰዓት በከፈትሽው ሳጥን በኩል እዚያ ማዶ ይሰማል። የሐመልማል «ተናገር» ስኳር የበዛበት ሻይ ከፈሰሰባት ወዲህ እንደተጫነች ተጣብቃ ቀርታለች። ላሠራት ካለች ከወንበሯ ልትነሣ ነው፣ ከተነሣች ከአናት ልትወርድ ነው። ተወችው።

አለቃቸው አቶ ይርዳው መልካም ሰው ነው፣ ማለቴ አይጮህም። ስልክ በር ላይ ባለው መሳቢያ ይቀመጣል፣ ለደኅንነት። በር ሁሉ በካርድ ነው፣ ለደኅንነት። ከወንበሯ ተነሥታ የቆየች ልጅ ስሟ ስክሪኑ ላይ ይቀላል፤ አልመለስ ካለች አቶ ይርዳው ስሟን ያጠፋል፣ ስሟ ሲጠፋ ካርዷም እዚያው ይሞታል። ይሄም ለደኅንነት። ልጆቹ ሲደክማቸው ጋደም የሚሉባት አንዲት ቦታ ነበረቻቸው፤ ባልተጠናቀቀው ፎቅ ላይ ያለችው የባትሪ ክፍል። መብራት ሲጠፋ ቢሮውን የሚያንቀሳቅሱት ባትሪዎች እዚያ ይደረደራሉ፤ ይሞቃል፣ መስኮት የለም፣ የብረት በሩ ራሱን ይዘጋል፣ ከውጭም ከውስጥም የሚከፈተው በካርድ ነው። ባትሪ ስለሚሰረቅም እዚያው አንዲት ሳጥን ተሰቅላለች።

ወይንሸት ሐሙስ ዕለት ከምሳ በኋላ ወጣች፣ አልተመለሰችም። ከሐመልማል ቀጥላ የምትቀመጠው፣ ስክሪኑ ላይም ከሥሯ የምትከተላት ልጅ ናት፤ ሐመልማልን «ሐሙ» የምትላት እሷ ብቻ ነበረች። ሹራቧ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አቶ ይርዳው ስሟ ሲቀላ ትንሽ አየና አጠፋው።

«ጥላ ሄደች በቃ» አለ። «የዘመኑ ልጅ ደህና ሁኑ ማለት የት ያውቃል?»

«ፉክክሩ ከብዷት ነው» አለች ሐመልማል፣ ሳቀችም። «እኔን ልትይዝ ኖሯል!»

ቅዳሜና እሁድ አለፉ። ሰኞ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚበትኑ ሲያንኮሻኩሽ፣ በር ላይ ያለው የስልክ መሳቢያ ይንዘር ጀመር። ሐመልማል ለምሳ ስትወጣ ከፈተችው። የወይንሸት ስልክ ነው፤ ስክሪኑ ላይ «እማ» ይላል። እጇ ውስጥ እንደ ተያዘች ጫጩት ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። ስልኩን ሳትይዝ የሄደች ልጅ፣ ብላ አሰበች፣ ደግሞ ሐሳቧን ከመሳቢያው ጋር መልሳ ዘጋችው። ማክሰኞ ስልኩ ቻርጁን ጨረሰ።

አንዲት ክፍል ደግሞ በማዳመጫዋ ውስጥ በዚያው ሰሞን ነው መመላለስ የጀመረችው። ቅጂ ላይ የቦታ ስም አይጻፍም፣ ሐመልማል ግን ክፍሎችን በድምፃቸው ትለያለች፤ ፋርማሲው ፍሪጁ ያቃስታል፣ የእህል መጋዘኑ አይጥ አያጣም። ይቺ አዲስ ናት። ወፍራም፣ ሞቃት የሚመስል እምምታ፣ በመሐሉ እየቆየች ጢጥ የምትል ነገር፣ ከዚያ የታፈነ አየር፣ አፉን ከድኖ የተቀመጠ ሰው ዓይነት ጸጥታ። ጠቅ፣ ዝምታ። ከሻይ በኋላ መጣች፣ ጠቅ። በማግሥቱ ደግሞ፣ ጠቅ። አንዳንዴ ጣቷ ቁልፏን ሲነካ፣ ድምፁ ከመቆረጡ በፊት፣ ጥፍር ብረት ላይ እንደሚንሸራተት ያለ ነገር ጅማሬው ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ይቀርና ማታ ታክሲ ውስጥ ሆና ሲያሳክካት ያመሻል።

ከዚያ ሽታው መጣ። ከጣሪያው በኩል ነው፣ ጣፈጥ የሚል፣ ፌስታል ውስጥ ተረስቶ የከረመ ሙዝ የሚመስል፣ ከሥሩ ግን ሙዝ ያልሆነ።

«አይጥ ሞቶ ነው» አለ አቶ ይርዳው፣ የሎሚ ሽታ ያለው ሽቶ እየነፋ።

ሽቶው አልገፋውም፤ ሁለቱ ተደባልቀው ሌላ ሦስተኛ ሽታ ሆኑ። ሐመልማል የሹራቧን አንገትጌ እስከ አፍንጫዋ ስባ መጫኗን ቀጠለች።

ረቡዕ ጠዋት አዲስ ልጅ መጣች፣ ናርዶስ የምትባል፣ ዓይነ ትልቅ፣ አፏን ይዛ የምታዳምጥ። አቶ ይርዳው ሐመልማል ጎን አስቀመጣትና «ከአንደኛዋ ተማሪ» አላት። ሐመልማል ይህን ስትሰማ ቁመቷ የጨመረ መሰላት። ማዳመጫውን አንድ ጆሮ ለናርዶስ፣ አንድ ጆሮ ለራሷ አደረገችና ያቺኑ ሞቃት ክፍል ከፈተች።

«ሰማሽ? ጸጥ ያለ ነው አይደል?»

«እስከ መጨረሻ አንሰማውም?»

«እስከ መጨረሻማ ሰነፍ ነው የሚሰማው! የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ስሚ፣ በቃ። ይሄ ዝምታ ነው፣ ቀጥይ!»

ናርዶስ ጠቅ አደረገች። ከሰዓት በፊት ስሟ ስክሪኑ ላይ ከሥር ብቅ ብሎ መውጣት ጀመረ፤ ሐመልማል አየችው፣ ጭንቅላቷን ወዘወዘች፣ ውስጧ ግን ትንሽ ነገር ቆነጠጣት።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ደወል ተደወለ። ያ ደወል የመኪና ቸርኬ ነው፤ ተሰንጥቋልና እንደ ደወል አይጮህም፣ እንደ ድስት ክዳን ይንኳኳል። ሐመልማል በመስኮት ሰማችው። ወዲያው ያቺ ክፍል መጣች፣ እምምታው፣ ጢጥታዋ፣ የታፈነው አየር፣ ከዚያም ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ፣ ያው የተሰነጠቀ ቸርኬ።

ጣቷ ቁልፏ ላይ ቆመ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻ አዳመጠች። ደወሉ ሞተ፣ እምምታው ብቻ ቀረ፣ ቆይቶ የሆነ ነገር ወለል ላይ ተጎተተ፤ ብረት በቀስታ ተንኳኳ፣ ቆመ፣ ተንኳኳ። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ወደ ሳጥኗ ቀረበ፣ በጣም ቀረበ፣ ከንፈር ማዳመጫው ውስጥ የገባ እስኪመስል። የደረቀ የሴት ልጅ ድምፅ፣ ትምህርት እንደሚያጠና ተማሪ ቃል በቃል፣ «ይሄ ዝምታ ነው፣ ቀጥይ» አለ። ጥቂት ቆየና ጨመረ።

«ሐሙ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

ድምፁ የወይንሸት ነው፣ ክፍሏም እዚሁ ከላያቸው ያለችው የባትሪ ክፍል ናት። ከሐሙስ ጀምሮ ያለችው፣ የሳቀችው፣ «እኔን ልትይዝ ኖሯል» ያለችው ሁሉ በተጣበቀችው ቁልፍ በኩል እዚያ ሲፈስስ ታያት። «ሰው» የምትለዋ ቁልፍ ከጣቷ አጠገብ ናት። ግን እሷን ከተጫነች ጥበቃ ይመጣል፣ በር ይከፈታል፣ ከዚያ ይጠይቃሉ፤ ይቺ ክፍል ስንት ጊዜ መጣች? ማን ነው ዝምታ ያለው? ስሟ አናት ላይ ነው፣ ሁሉም ያየዋል። ሄጄ እኔው አወጣታለሁ፣ አለች በልቧ፣ ውኃ እሰጣታለሁ፣ ይቅርታ እላታለሁ፣ በሁለታችን መካከል ይቀራል። «ዝምታ»ን ተጫነች፣ ቅጂው ጠፋ።

«ወንበሬን ያዢልኝ፣ አሁን መጣሁ» አለቻት ናርዶስን። የት እንደምትሄድ አልነገረቻትም።

ባልተጠናቀቀው ፎቅ ላይ ዝናብ በክፍት መስኮቶቹ ገብቶ ሲሚንቶው ላይ ተኝቷል፤ የባህር ዛፍ አጣናዎቹ እርስ በርሳቸው እየተሻሹ ይንጫጫሉ፣ ከበታች ያለው የመኪና ጡሩምባ ሁሉ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስላል። ሽታው እዚህ ሽታ መሆኑን ትቷል፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ነገር ሆኗል። ካርዷን አስጠጋች። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች፣ የብረት በሩ ተከፈተ። ገባች፣ በሩ ከኋላዋ በረጅሙ ተነፈሰና ተዘጋ። ግድ የለም፣ ካርድ አለኝ፣ አለች።

ከባትሪዎቹ ላይ ከሚያብለጨልጩ ነጥቦች በቀር ጨለማ ነው። «ወይኒ?» እምምም። «ወይኒዬ፣ እኔ ነኝ።» ግድግዳውን እየዳበሰች ሄደች፣ እግሯ ለስላሳ ነገር ነካ፣ ጎንበስ ብላ ስትዳስስ ጸጉር አገኘች። በሹሩባ የተሠራ ነው፣ ሐሙስ ዕለት «ያምርብሻል እንዴ ይሄ?» ብላ የቀለደችበት። ከጸጉሩ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ እጅ ወረደች። እጁ ደንድኖ አልፏል፣ ለስልሶም አልፏል፤ ቆዳው ከጣቷ ሥር ሸተት አለ። ያለቀሰችው ቆይታ ነው፣ መጀመሪያ አእምሮዋ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አለ፤ ይህ እጅ ዛሬ ከሰዓት ምንም ያንኳኳ እጅ አይደለም።

ከባትሪዎቹ ጀርባ፣ ከማዶው ጥግ፣ ብረት በቀስታ ተንኳኳ።

በሩ ጋ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ካርዷን ስታወጣ ከጭንቅላቷ በላይ ያለችው ሳጥን ተንጫጨችና በተጣበቀችው ቁልፍ በኩል የናርዶስ ድምፅ መጣ፣ ያ ማዳመጫ አንገት ላይ ሲጣል የሚሰማው ሽርክታም መጣ።

«አቤት አቶ ይርዳው?»

«ሐመልማልስ?»

«ወጣች። የት እንደሆነ አልነገረችኝም።»

«እሷም እንደ ጓደኛዋ። በይ ከወንበሩ እንዳትነሺ፣ ስሟን አጥፍቼ ያንቺን አስገባሁ።»

ካርዷን አስጠጋች። መብራቷ ቀይ ነች። አሻሸችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ደግማ አስጠጋች፣ ቀይ ነች። ሳጥኗ ዝም ብላለች። ሐመልማል በዚያች ጨለማ ውስጥ ቆማ ስታስብ፣ ከጩኸቷ በፊት የነበረው ጸጥታ ቀድሞ እንደሚደርስ ታውቃለች፣ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ቢሆንም ጮኸች። የራሷን ስም ጠራች፣ የናርዶስን ስም ጠራች፣ እናቷን ጠራች፣ በሩን በመዳፏ፣ በመዳፏ አልሆን ሲላት በጥፍሮቿ ያዘችው፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። ከኋላዋ ያለው ነገር እሷን እየተከተለ፣ ስታንኳኳ እያንኳኳ፣ ስትቆም እየቆመ፣ ቀረብ ቀረብ ይል ነበር።

ሳጥኗ እንደገና ተንጫጨች። የሎሚው ሽቶ ፍስስ ሲል ተሰማ።

«ይሄ እምምም የሚለው ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አቶ ይርዳው በቀልድ። «ሐመልማል የሆነ ቦታ ተደብቃ እየተጫወተችብን እንዳይሆን።»

«እሷ ብትሆን መቼ ዝም ትል ነበር?» አለች ናርዶስ፣ ጠቅ እያደረገች። «ይሄ ዝምታ ነው።»